በፉርጎው ጎን ላይ ምን ተጽፎ ነበር?

ለዛሬው መጣጥፌ መነሻ የሆነኝ አንድ ፉርጎ ነው። ፉርጎ ስል የባቡር፣ ያውም የዕቃ ማመላለሻ ፉርጎ ማለቴ ነው። የዚህ ገጽ ቤተኞች ስለ ምርጫና ስለ ሕገ መንግሥት፣ ስለ ፓርቲዎች መሰንጠቅና መልሶ መጋጠም እንድጽፍ እንደምትጠብቁ አውቃለሁ። ጥቂት ታገሡኝ፤ ነገሩ ከፖለቲካ ብዙም የራቀ አይደለም።

ከጥቂት ወራት በፊት ስሙን የማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት ስልክ ደወለልኝ። አንድ አሮጌ የዕቃ ፉርጎ አድሶ ለሕዝብ እይታ ሊያቆም እንደሆነና “በጥንቱ መልኩ” ሊቀባው እንደሚሻ ነገረኝ። ጥያቄያቸው ሁለት ብቻ ነበር፤ ቀለሙ ምን ነበር? በጎኑስ ላይ ምን ተጽፎ ነበር? የማስተምረው የኢኮኖሚ ታሪክ ስለሆነ መልሱ በኪሴ ያለ መስሏቸዋል። የሦስት ሳምንት ጊዜ ስጡኝ አልኩ፤ እሺ ተባልኩ። በአሥራ አንደኛው ቀን ግን ፎቶግራፍ ላኩልኝ። ሥራው አልቋል። ፉርጎው ከላይ እስከ ታች በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ ተለቅልቆ፣ በጎኑ ላይ ከኮምፒውተር በተቀዳ ደማቅ ፊደል “የምኒልክ ባቡር” ተብሎ ተጽፎበታል።

ሰንደቅ ዓላማው አላስቀየመኝም። ቀለም በቀለም ላይ ይቀባል፤ ነገ ሌላ ይቀባበታል። ያስደነገጠኝ “ከመቀባታችሁ በፊት ምን አደረጋችሁት?” ብዬ ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ ነው። “በግራይንደር ገፈን፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰን፣ ጸረ ዝገት ቀለም ሰጥተነዋል ዶክተር፤ አሁን እንደ መስተዋት ነው” አሉኝ፤ በኩራት። ሥራቸውን በትጋት የሠሩ ሰዎች ናቸውና ልቆጣቸው አልቻልኩም። ነገር ግን እኔ በመዝገብ ቤት አቧራ ውስጥ ስፈልገው የሰነበትኩት መልስ፣ በዚያ ፉርጎ ጎን ላይ ቀለም በቀለም ላይ ተደራርቦ ለአሥርት ዓመታት ተቀምጦ ሳለ በአንድ ከሰዓት በኋላ ዱቄት ሆኖ መሬት ላይ ፈሷል።

ከሁሉ አስቀድሞ “የምኒልክ ባቡር” ስለሚለው ጽሑፍ ጥቂት ልበል። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የኩባንያው ወረቀት በዚያው ስለሚቆጥር እኔም ከልወጣ ስሕተት ልዳን ብዬ ነው።) ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ የመሥራት ፈቃድ የሰጡት በ1894 ነው። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ፤ ሐዲዱ ዛሬ ድሬዳዋ ከምንላት ሥፍራ በ1902 ደረሰ። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ኩባንያ በገንዘብ ዕጦት ተሰናከለ። በ1906 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣልያ ስለ ኢትዮጵያ በተዋዋሉት ውል ውስጥ ባቡሩ እንደ ሸቀጥ ለድርድር ቀረበ፤ ከ1908 ወዲህ ሥራው ለሌላ ኩባንያ ተላለፈ። ምኒልክ በ1913 አረፉ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በመዲናቸው የባቡር ፉጨት ሳይሰሙ አለፉ ማለት ነው። ያ የታደሰው ፉርጎ ደግሞ፣ ግራይንደሩ ሳይደርስባት ከሥር የቀረችው የፋብሪካ ሰሌዳ እንደምትናገረው፣ የተሠራው ምኒልክ ካረፉ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ታዲያ በምን ሒሳብ “የምኒልክ” ይሆናል? ደግሞስ ምኒልክን ለማክበር እርሳቸው ያላዩትን ፉርጎ በስማቸው መጥራት ምን ያስፈልጋል?

“ይህ ሁሉ ስለ አንድ ፉርጎ ቀለም ነው?” የሚል አንባቢ እንደሚኖር አልጠራጠርም። በአንድ ወቅት እኔም እንዲሁ ብያለሁ። ለዶክትሬት ትምህርቴ እንግሊዝ አገር በነበርኩበት ጊዜ ጡረታ የወጡ ፖስተኛ ጎረቤት ነበሩኝ። በጓዳቸው ከእውነተኛው ሰባ ስድስት ጊዜ ያነሱ ባቡሮችን ይሠራሉ። አንድ ክረምት ሙሉ የአንድ ፉርጎ ቀለም እንቅልፍ ነሣቸው። ግሬት ዌስተርን የተባለው የባቡር ኩባንያ የዕቃ ፉርጎዎቹን ቀድሞ ቀይ ይቀባ ነበር፤ በኋላ ወደ ጥቁር ግራጫ ዞረ። መቼ? የብዙዎቹ ግምት ወደ 1904 ያዘነብላል፤ ትልልቆቹ፣ ቁመታቸው 25 ኢንች የሆኑት የኩባንያው ፊደላት የመጡትም ያን ጊዜ ነውና። ፊደላቱ ወደ 1920 ገደማ 16 ኢንች ሆኑ፤ በ1930ዎቹ አጋማሽ ደግሞ 5 ኢንች ብቻ። ሽማግሌው የፊደሉን ቁመት አይተው የፉርጎውን ዘመን ሲነግሩኝ፣ የሸክላ ስባሪ አንሥቶ የነገሥታቱን ዘመን የሚናገር አርኪዮሎጂስት ይመስሉኝ ነበር። በልቤ ግን እስቅባቸው ነበር፤ “የጠገበ ሕዝብ ጨዋታ” እያልኩ። አሁን ሳስበው በዚያ አገር የኖርኩባቸው ዓመታት ካስተማሩኝ የምርምር ዘዴ ግማሹን ያገኘሁት ከዚያ ጓዳ ነው።

ለምሳሌ የፎቶግራፉን ነገር እንመልከት። የድሮ ፎቶግራፍ አይቶ “ይኸው፣ ጥቁር ነው” ለማለት ማን ይሰንፋል? ሽማግሌው እንደነገሩኝና በኋላም አንብቤ እንዳረጋገጥሁት፣ የዚያ ዘመን የፎቶግራፍ መስታወት ቀይ ብርሃንን አያይም። ቀይ የሆነ ነገር ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ ሰማያዊው ደግሞ ነጣ ይላል። ስለዚህ ቀይ ፉርጎና ጥቁር ግራጫ ፉርጎ በፎቶግራፍ ላይ መንትዮች ናቸው። ይህ ሳያንስ ፋብሪካዎች አዲስ ባቡር ሠርተው ሲጨርሱ ለፎቶግራፍ እንዲያምር ብለው ለጊዜው ግራጫ ይቀቡት ነበር፤ እውነተኛውን ቀለም የሚለብሰው ፎቶው ከተነሣ በኋላ ነው። እንግዲህ “ይፋዊ” የተባለው ፎቶግራፍ ከሁሉ ይልቅ አሳሳች ሆኖ ይገኛል። ለፖለቲካ ጸሐፊ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ይፋዊው ፎቶግራፍ ሲያስተን እኛም ኖረናል።

ጽሑፉም ቢሆን ለጌጥ የተጻፈ አልነበረም። በዕቃ ፉርጎ ጎን ላይ የባለቤቱ ስም፣ የፉርጎው ቁጥር፣ ሊጭን የሚችለው ክብደትና የፉርጎው ባዶ ክብደት ይጻፋል። ባዶ ክብደቱ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ቡና የጫነ ፉርጎ ሚዛን ላይ ሲወጣ የሚታየው የቡናውና የብረቱ ድምር ነው፤ የቡናው ልክ የሚታወቀው በጎኑ ላይ የተጻፈው ባዶ ክብደት ሲቀነስ ነው። ፉርጎው በጥገና ጊዜ ጣውላው ቢለወጥና ቁጥሩ ሳይታረም ቢቀር፣ በያንዳንዱ ጉዞ ነጋዴው ወይም አጓጓዡ ወይም ጉምሩክ ይጎዳል። ስለዚህ ነው በየባቡር መንገዱ ፉርጎ እንደገና እየተመዘነ ቁጥሩ እንደገና የሚጻፈው። ያቺ በቀለም የተጻፈች ቁጥር በነጋዴው፣ በአጓጓዡና በመንግሥት መካከል የቆመች ውል ናት። እኛ በግራይንደር የገፈፍነው ውል ነው።

ማንበብ ለማይችል ሠራተኛስ? የእንግሊዙ ለንደንና ሰሜን ምዕራብ ባቡር ኩባንያ ፉርጎዎቹን በሁለት የአልማዝ ቅርጽ ምልክቶች ብቻ ያስታውቅ ነበር፤ ፊደል የማይለይ ጫኝም ምልክቱን አይቶ የማን ፉርጎ እንደሆነ ይለያል። የኩባንያው ስም መነሻ ፊደላት የተጨመሩት በ1908 ገደማ ነው። በአንድ አገር የንባብ ታሪክ በፉርጎ ጎን ላይ ሲነበብ ይህን ይመስላል። ወደ እኛው ስመጣ ወዲያው የሚነሣብኝ ጥያቄም ከዚሁ የተወለደ ነው፤ በጅቡቲና በአዲስ አበባ መካከል ይመላለስ የነበረው ፉርጎ ጽሑፉ ለማን ነበር? ጫኙ ያነበው ነበርን? ከፈረንሳይኛው አጠገብ አማርኛ የቆመው ከየትኛው ዘመን ጀምሮ ነው? ይህን መጽሐፍ አይነግረንም፤ የቀለም ድርብርብ ግን ይነግረናል።

ፖለቲካውን በግልጽ ማየት ለሚሻ የጀርመንን ፉርጎ ላሳየው። ከ1945 ሽንፈት በኋላ በምዕራቡ ክፍል በሚመላለሱ ፉርጎዎች ጎን ላይ የብሪታንያና የአሜሪካ ዞን መሆናቸውን የሚናገር አጭር ጽሑፍ ተቀባ፤ ድል የተነሣ አገር በያንዳንዱ የድንች ፉርጎ ላይ ሽንፈቱን አነበበ። በምሥራቁ የሆነው ደግሞ የባሰ አስገራሚ ነው። የኮሚኒስቱ መንግሥት ንጉሣዊ ሽታ ያለውን ሁሉ ሲያጠፋ፣ የባቡር መሥሪያ ቤቱን ግን “ዶይቸ ራይኽስባን” ማለትም የጀርመን ራይኽ ባቡር እያለ ኖረ። ምክንያቱ ፍቅር አልነበረም። በምዕራብ በርሊን ውስጥ ባቡር የማንቀሳቀስ መብት በድል አድራጊዎቹ ስምምነት የተሰጠው በዚያ ስም ለሚጠራው ድርጅት ስለነበር፣ ስሙን መለወጥ መብቱን አደጋ ላይ መጣል ነበር። ስሙ ከኮሚኒስቱ መንግሥት ራሱ በላይ ዕድሜ አገኘ፤ ሁለቱ የጀርመን ባቡሮች እስከ ተዋሐዱበት እስከ 1994 መባቻ ድረስ ቆየ። በፉርጎ ጎን ላይ ያሉ ጥቂት ፊደላት የአንድ ከተማን የፖለቲካ ሚዛን ተሸክመው አርባ ዓመት ሄዱ።

የእኛዎቹ ፊደላትም የዋዛ አይደሉም። ከ1908 በኋላ የመጣው ኩባንያ የፍራንኮ ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ይባላል፤ በፈረንሳይኛ ምህጻረ ቃሉ ሴ.ኤፍ.ኧ. ነው። በ1959 በተደረገው ስምምነት የኢትዮጵያ መንግሥት የአክሲዮኑን ግማሽ ያዘ፤ ኩባንያው በኢትዮጵያ ሕግ የሚተዳደር ሆኖ ዋና መሥሪያ ቤቱ ከፓሪስ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ። ስሙ ግን አልተለወጠም። ልብ በሉ፤ ባለቤትነት ተለውጦ ፊደሉ እንደነበረ ቀረ። በ1977 ጅቡቲ ነጻ ወጣች፤ በዚያው ዓመት በሶማሊያ ወረራ መስመሩ ተቆራረጠ፣ ድልድዮች ፈረሱ። በ1981 ደግሞ ድርጅቱ የጅቡቲና የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ተባለ፤ ምህጻረ ቃሉም ሴ.ዴ.ኧ. ሆነ። ከሦስት ፊደል አንዷ ብቻ ተለወጠች። በዚያች በአንዲት ፊደል ለውጥ ውስጥ አንድ ቅኝ ገዢ ወጥቶ አንድ አዲስ አገር ገብቷል።

አዋጅ በአንድ ቀን ይወጣል፤ ብሩሽ ግን ሁሉም ዘንድ በአንድ ቀን አይደርስም። አንድ ፉርጎ ለጥገና እስኪገባ ድረስ የቀድሞ ጌታውን ስም ተሸክሞ ይዞራል። ስለዚህ “በዚህ ዓመት ፉርጎዎቹ እንዲህ ነበሩ” የሚል አረፍተ ነገር ሁልጊዜ ግማሽ ውሸት አለበት። መልሱ የሚገኘው ከያንዳንዱ ፉርጎ ነው። በነጋሪት ጋዜጣ የምናነበው መንግሥት የደነገገውን ነው፤ በፉርጎው ጎን የምናነበው ደግሞ የሆነውን።

በዚህ መሐል ወደ ድሬዳዋ ሄጄ ነበር። አሮጌው ጣቢያና የጥገና ሥፍራው ያሉት እዚያ ነው፤ የከተማዋ ልደትም ከሐዲዱ ጋር ነው፤ መንገዱ ሐረርን ትቶ በቆላው ስላለፈ በመጀመሪያ “አዲስ ሐረር” እስከ መባል ደርሳ ነበር። በጥላ ሥር ጫት ይዘው የተቀመጡ አንድ የቀድሞ የሸመንደፈር ሰው አገኘሁ። ብሩሽ ይዘው ያደጉ ናቸው።

“አባባ፣ የፉርጎውን ቀለም ማን ነበር የሚወስነው?” አልኳቸው።

“መጋዘኑ ነዋ ልጄ!” አሉና ሳቁ። “ከመጋዘን የተሰጠህን ትቀባለህ። ቁጥሩ ግን አይቀለድበትም። ቁጥሩ የተቆረጠ ቆርቆሮ አለው፤ ቆርቆሮውን ለጥፈህ ብሩሹን ትመታበታለህ።”

አጠገባቸው የነበሩት ጓደኛቸው ፉርጎው ቡኒ ነበር ይላሉ፤ እርሳቸው ደግሞ የለም፣ ግራጫ ነው ይላሉ። ጭቅጭቁ ሞቅ አለና እኔ ተረሳሁ። እንደ እኔ ግምት ሁለቱም ልክ ሳይሆኑ አልቀሩም፤ አንዱ ከጥገና የወጣውን፣ ሌላው የቆላው ፀሐይና አቧራ ዓመታት የተፈራረቁበትን ያስታውሳሉ። የሰው ምስክርነት ዋጋው ብዙ ነው፤ ቀለምን በተመለከተ ግን የሰው ትዝታ ከዚያ ቀይ ከማያየው መስታወት ብዙም አይሻልም። ስነሣ “ቆይ እስቲ” ብለው ወደ ግቢያቸው ወሰዱኝ። የቁጥር 4 ቆርቆሮ የዶሮ ቤታቸውን መስኮት ደፍና ቆማለች። በጠርዟ ላይ የተለያየ ቀለም ጠብታ አንዱ በሌላው ላይ ደርቋል። ቁመቷንና ስፋቷን ለክቼ፣ ጠርዟንም ከነቀለሟ ፎቶግራፍ አንሥቼ በማስታወሻዬ ጻፍኩ። ከሦስት ሳምንት ልፋቴ በእጄ የዳሰስኩት ብቸኛ ሰነድ እርሷ ናት።

አሁን ወደ ፖለቲካችን። ስለዚህ ባቡር የሚከራከሩ ሁለት ወገኖች አሉ። አንደኛው ባቡሩን የአንድ ንጉሥ የሥልጣኔ ስጦታ አድርጎ ያመልካል፤ ሁለተኛው የባዕድ ካፒታል መምጠጫ ቧንቧ ነበር ብሎ ያወግዛል። ሁለቱም በቂ ቁጣ አላቸው፤ ሁለቱም ፉርጎ ቀርበው አላዩም። አንዳንዴ እንዲያውም ለክርክራቸው የሚለጥፉት ፎቶግራፍ የኛው ባቡር አይደለም፤ ኢጣልያኖች ከምጽዋ ወደ አስመራ የሠሩት የኤርትራው ባቡር ነው፤ የዚያኛው ሐዲድ ስፋት 95 ሳንቲሜትር፣ የእኛው አንድ ሜትር ነው። ማስረጃውን ከማየት በፊት ፍርዱን የያዘ ሰው ፉርጎውን ሲያገኝ የሚያደርገው ያው ነው፤ የራሱን ቀለም ይቀባዋል። መሥሪያ ቤቱ ያደረገው እኛ በየቀኑ በብዕር ከምናደርገው አይለይምና ድንጋይ ለመወርወር እጄ አልተፈታም።

“አገር እየተቸገረ፣ ሰው እየሞተ ስለ ፊደል ቁመት!” የሚለኝን ሰው በአክብሮት እሰማዋለሁ። ነገር ግን የማቀርበው አሳብ ብር አይጠይቅም። እንኳን ሙዚየም ይሠራ፣ ሐዲዱ ይታደስ አላልኩም። የአዲስ አበባና የድሬዳዋ መስመር ከ2008 ጀምሮ ቆሟል፤ በ2016 የተመረቀው ኤሌክትሪክ ባቡር የሚሄድበት ሐዲድ ደግሞ ከአሮጌው በ43 ሳንቲሜትር ተኩል ስለሚሰፋ አሮጌው ፉርጎ በአዲሱ ላይ አንዲት ጋት ሊንቀሳቀስ አይችልም። እንግዲህ የነዚህ ፉርጎዎች ዕጣ ከሦስት አያልፍም፤ ወይ ባሉበት ይዝጋሉ፣ ወይ ቆራሌው በኪሎ ይወስዳቸዋል፣ ወይ እንደዚያኛው “ይታደሳሉ”። ሦስቱም ጽሑፉን ያጠፋሉ፤ ሦስተኛው ደግሞ አጥፍቶ ሲያበቃ የሌለ ነገር ይጽፍበታል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1950 የተመሠረተ የባቡር ሞዴል ወዳጆች ማኅበር ንድፍና ፎቶግራፍ እየሰበሰበ ዛሬም አለ፤ ሥራውን የሚሠሩት እንደ ፖስተኛው ጎረቤቴ ያሉ ሰዎች ናቸው። መንግሥት አላዘዛቸውም፤ በጀትም አልተያዘላቸውም። ሜትርና ትዕግሥት ነበራቸው።

ለመሥሪያ ቤቱ የጻፍኩት ደብዳቤ አንድ ገጽ አይሞላም። ግራይንደር ከመነሣቱ በፊት ፉርጎው በሁለቱም ጎን በጠራራ ብርሃን ፎቶግራፍ ይነሣ፤ ጽሑፉ አጠገብ ማስመሪያ ይቁም፤ የሚታወቅ ቀለም ያለበት ካርቶንም አብሮ በፎቶው ይግባ፣ የካሜራው ቀለም ቢሳሳት እንዲታረም። ከዚያ የመዳፍ ስፋት በምታህል ሥፍራ ላይ ቀለሙ ቀስ ተብሎ በውኃና በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት በደረጃ ይፈግ፤ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ አንዱ ከሌላው ሥር ብቅ ይላል። ያቺ ሥፍራ ሳትቀባ ትቅር። የፋብሪካው ሰሌዳ ይነበብ፣ ቁጥሩ ይመዝገብ። ከዚህ በኋላ ቢፈልጉ በሰንደቅ ዓላማ፣ ቢፈልጉ በወርቅ ይቀቡት።

መልስ እንደማይመጣ እርግጠኛ ነበርኩ፤ ተሳስቻለሁ። ባለፈው ሳምንት ያው ስልክ ደወለ። ሁለተኛ ፉርጎ አለ፤ ሠራተኞቹ ሥራ የሚጀምሩት ማክሰኞ በአራት ሰዓት ነው፤ “ከዚያ በፊት መምጣት ከቻሉ ይምጡ፣ ከዚያ በላይ ግን አንጠብቅም” አሉኝ። ማክሰኞ ጠዋት ክፍለ ጊዜ ነበረኝ፤ ለተማሪዎቼ ትምህርቱ እዚያው ፉርጎው አጠገብ እንደሚሰጥ ነግሬያለሁ። ሜትር ያላችሁ ሜትር ይዛችሁ ኑ ብያቸዋለሁ፤ ከአንድ ሰዓት ጀምሮ እዚያ ነኝ።